ዘጠነኛው ዙር

«ስምንት» አለች ካንዴላ፣ ግንባሯን የላይብረሪው መስኮት ላይ አስደግፋ።

እታች፣ የትምህርት ቤቱ አሮጊት መኪና ሜዳውን ስምንተኛ ጊዜ ዞራ ታጠፈች። ሞተሯ ምንም የማያውቅ ይመስል ሰላማዊ ድምፅ ያሰማል። መሪውን የያዘችው፣ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ፣ ደግሞ ክንዷን በመስኮት አውጥታ ተዝናንታለች። ካንዴላ ጥርሷን ነከሰች። ቆይ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ አለች በልቧ።

ዘጠነኛው ዙር እኩሌታ ላይ መኪናዋ መነጫነጭ ጀመረች። ሬዲዮ ነዳጅ መስጫውን ረገጠች። ሞተሩ ጉልበት በመጨመር ፋንታ ጭራሽ ታፈነ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ሜዳው ጸጥ ሲል የካንዴላ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

የላይብረሪው ሠራተኛ ምን እንደሚያስቃት ጠየቋት። መጽሐፉ ነው፣ አለች። ፊቷ የተዘረጋው መጽሐፍ ስለ አፈር መሸርሸር ነበር።

ካንዴላ የተባለችው ስሟ ሆኖ አይደለም። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን ወርክሾፕ በረገጠች በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ሞተር ካዳመጠች በኋላ «ሦስተኛው ካንዴላ አይሠራም» ብላ ነበር። ተፈትቶ ሲታይ እሳት መጫሪያው እውነትም ሞቷል። የወርክሾፑ መምህር ከት ብለው ስቀው «ካንዴላ» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የስም መጥሪያው ወረቀት ብቻ ነው። መምህሩን ራሳቸውን ተማሪዎች ጋሽ መፍቻ ይሏቸዋል፣ ያውም በሌሉበት። መፍቻ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ሰው ሲያናግሩም በእሱ ነው የሚጠቁሙት። የመኪናዋን ቁልፍ ካንዴላን ያስያዟት እሳቸው ነበሩ። የወርክሾፑ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፦ በመኪናዋ ላይ ለደረሰው ሁሉ ተጠያቂው ቁልፍ ያዡ ነው።

ሬዲዮ ስሟ የወጣላት በአፏ ነው። ተከፍቶ አይዘጋም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ወርክሾፕም አብረው ገቡ። ሬዲዮ ስትነዳ ካንዴላ ሜዳው ጥግ፣ ምሰሶው ሥር ትቆማለች። ነጂ ዙሩ ስለሚጠፋበት ባለፈች ቁጥር በጣቷ እየቆጠረች ታሳያታለች። ሬዲዮ ቤንዚን ስትሞላ የታንኩን ክዳን ጣሪያው ላይ አስቀምጣ የመርሳት አመል ነበራት። ልትነሳ ስትል «ክዳኑ!» ብላ የምትጮኸው ካንዴላ ናት። እንዲህ ያሉ ጓደኛሞች ነበሩ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ግን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሬዲዮ እየሮጠች መጣችና ጃኬቴን መኪናዋ ውስጥ ረስቻለሁ፣ ቁልፉን ስጪኝ አለቻት። ካንዴላ ሰጠቻት። ጓደኛ ናት፣ ምን ትላታለች? ከምሳ ሲመለሱ የአሮጊቷ የግራ መብራት የበሩ ምሰሶ ሥር ተሰባብሮ፣ ቁልፉም ካንዴላ ቦርሳ ውስጥ ተመልሶ ተገኘ። ጋሽ መፍቻ ሁሉንም አሰለፏቸው።

«ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» አሉ።

«በእኔ» አለች ካንዴላ። ዘወር ብላም ሬዲዮን አየቻት። አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ሬዲዮም ተናገረች።

«ተይ ብያት ነበር፣ ቲቸር» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ካንዴላ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ፣ እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች። ጋሽ መፍቻ ግን ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ቁልፉን ተቀብለው ለሬዲዮ ሰጧት። ካንዴላ በማግስቱ በሰልፍ ፊት ተጠርታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከወርክሾፕ መታገዷ ተነበበ፤ ሌሎቹ ሞተር ሲፈቱ እሷ ላይብረሪ ትቀመጣለች። የሚቀጥለው ዓመት የሞተር ክፍል ውስጥ መግባቷም አበቃለት፤ በሰው ንብረት ያልታመነን ማን ይቀበላል?

ይህ ሁሉ ግን ያን ያህል አላንገበገባትም። ያንገበገባት የእናቷ ነገር ነው። እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው። ትምህርት ቤት ስትጠራ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር። ጋሽ መፍቻ ፊት ቆማ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት» ብላ ለመነች። ልጇ ላላጠፋችው ጥፋት ለመነች። ሬዲዮ በሩ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። ካንዴላ ከዚያ እርጥብ እጅጌ ጋር ቂሟን ቋጠረች፤ ልኳን አሳያታለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

አሮጊቷ መኪና መታመም የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የታወቀው ግን ልምምዱ ሲረዝም ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሜዳውን አሥራ ሁለት ጊዜ ሳይቆሙ መዞር ነው። ሬዲዮና መንትዮቹ ወንድማማቾች አንድ ቡድን ናቸው፤ ውጤታቸውም አንድ። መኪናዋ ከቆመች ፈታኟ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣሉ፤ ቡድኑ የብልሽቱን ምክንያት ተናግሮ፣ በእጁ ይዞ አሳይቶ፣ ከአንድ ጀምሮ እንደገና ይዞራል። ሁለተኛ ከቆመች ወደቁ።

አሮጊቷ ደግሞ ዘጠነኛው ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች። መንትዮቹ ካንዴላዎቹን ቀየሩ፤ ዘጠነኛው ላይ ቆመች። ፊልትሮውን ቀየሩ፤ ቆመች። ካርቡሬተሩን ፈተው ሁለቴ አጠቡት፤ አሁንም ቆመች። የሚገርመው፣ በቆመች ቁጥር ወዲያው ትነሳለች። ተነስታም ስምንት ዙር እንደ ጤነኛ ትሄዳለች። ስለዚህ ሁሌም አሁን የነካነው ነው ያዳናት ይላሉ፤ ደስታቸው እስከሚቀጥለው ዘጠነኛ ዙር ብቻ ነው። ካንዴላ ከመስኮቱ ሆና ሁሉንም ታያለች። ስታይ ደስ ይላታል። ደስታው ያሳፍራታል እንዳይባል፣ አላሳፈራትም።

እንቆቅልሹን የፈታላት ግን የሕፃን ወንድሟ ጡጦ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሕፃኑን ማጥባት የእሷ ሥራ ነው። ያን ቀን እናቷ ወተቱ በቦርሳ ውስጥ እንዳይፈስ የጡጦውን ክዳን አጥብቃ ዘግታው ነበር። ሕፃኑ መጀመሪያ ጥሩ ጠባ። ቆይቶ ጫፉ ተጨማደደ፤ ልጁ ቢስብ ቢስብ ወተቱ አልመጣ አለው፤ ቀላና ጡጦውን ተፍቶ ጩኸቱን አቀለጠው። ካንዴላ ክዳኑን ትንሽ ላላ አደረገች። ፍስስ አለና አየር ገባ፤ ወተቱ ውስጥ አረፋ ተግተልትሎ ወጣ። ልጁ ጡጦውን መልሶ ጎረሰ።

ካንዴላ ጡጦውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

የአሮጊቷ የነዳጅ መለኪያ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጋሽ መፍቻ አንድ ሕግ አላቸው፦ ሞተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ታንኩን ጠይቁት። መኪና በቆመ ቁጥር ከሁሉ በፊት የታንኩ ክዳን ይከፈታል፣ ምልክት የተቆረጠበት የመጥረጊያ እጀታ ይነከራል፣ ቤንዚን መኖሩ ይታያል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ታንኩ ውስጥ አየር ካልገባ ደግሞ ሞተሩ ቤንዚኑን ስቦ ስቦ እንደ ሕፃኑ አቅም ያጣል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባና ይድናል። ሰዎቹ በሽታዋን ሊፈልጉ ሲነሱ በመጀመሪያው እርምጃ ያድኗታል። ከዚያ ለሁለት ሰዓት የሌለ በሽታ ይፈልጋሉ።

በማግስቱ ሁሉም ሲወጡ፣ ካንዴላ ከወርክሾፑ ውጭ ጥላ ሥር የቆመችው አሮጊት ዘንድ ሄደች። ወርክሾፕ እንዳትገቢ እንጂ ጥላ ሥር እንዳትቆሚ ያላት የለም። ክዳኑ የድሮው አልነበረም። ዋናው ክዳን መሐሉ ላይ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ ነበረው፤ ይሄ የውሃ ጀሪካን ክዳን ነው። ሬዲዮ፣ የድሮው ስለተሰነጠቀ አዲስ አመጣሁ ብላ በግቢው ውስጥ ለጋሽ መፍቻ ስትናገርና ሲያመሰግኗት ካንዴላ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ የመለኪያ ዱላውን የምትነክረው ራሷ ሬዲዮ ናት፤ ክዳኑን ለማንም አትሰጥም። ትጋት መስሏቸው ነበር።

ካንዴላ ክዳኑን ፈትታ ገለበጠችው። ጠብቆ እንዲዘጋ ውስጡ ላይ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ላስቲክ ተወትፏል። በጣቷ ጠረግ አደረገችው። ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ላይ ነጫጭ ኮከቦች።

ያንን ላስቲክ የማያውቅ ተማሪ የለም። የሬዲዮ እናት ያረጀ የዝናብ ልብስ ቆርጣ የሬዲዮን ደብተሮች በሙሉ የለበጠችበት ነው። ካንዴላ እዚያው ቆማ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት፦ የምሳ ሰዓቱ፣ ቤንዚኑ፣ ጣሪያው ላይ የተረሳው ክዳን፣ «ክዳኑ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው አለመኖሩ። ክዳኑ ከጣሪያው ወድቆ ጠፋ፤ ሬዲዮ ስትደነግጥ የበሩን ምሰሶ ገጨች። ከዚያ ጉዷን በራሷ ደብተር ልባስ ደፈነችው።

ካንዴላ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ምስማር ነበራት። ክዳኑን በምስማሩ አንዴ ብትወጋው አሮጊቷ ዳነች። ምስማሩን አውጥታ ጫፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። የእናቷ እጅጌ ትዝ አላት። ላስቲኩን እንደነበረ መለሰችው፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው፣ ምስማሩን ኪሷ ከተተችው። ፈተናው ስምንት ቀን ቀርቶታል። በሽታው የሚታየው በእጅ ተይዞ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ደግሞ ያ ባለኮከብ ላስቲክ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለች? የዚያን ቀን ወደ ቤቷ እያፏጨች ነው የሄደችው።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ መፍቻ ላይብረሪ ድረስ መጡ። ትንሹ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያልቀየርነው ነገር የለም፣ አሉ መፍቻቸውን እያገላበጡ። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ አረጀሁ መሰለኝ። የአንቺ ጆሮ ቢኖር ደግ ነበር፣ አሉ።

 ነገሩ የካንዴላ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። እኚህ ሰው ስም ያወጡላት ሰው ናቸው።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ በይኝ» አሉ ጋሽ መፍቻ፣ ለስለስ ብለው። «ነገ ትገቢያለሽ።»

«ያላጠፋሁትን?»

ተነፈሱ። «ቁልፉ በእጅሽ ነበር፣ ልጄ» ብለው ተነስተው ሄዱ። ምላሷ ጫፍ ላይ የነበረውን መልሳ ዋጠችው። ኪሷ ውስጥ ምስማሩን ጨበጠችው፤ እሳቸውም ይቀምሷታል፣ አለች።

የፈተናው ቀን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሜዳው ዳር ወጣ። ወላጆችም መጡ። የሬዲዮ እናት ከፊት ተቀምጣለች፤ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ካንዴላ የእሷን እናት እጅጌ አስባ፣ ዛሬ ደግሞ የእነሱ ተራ ነው አለች። ሄዳ የሽቦው አጥር ጀርባ ቆመች። ነጭ ጋውን የለበሱት ፈታኝ ሰዓታቸውን አይተው እጃቸውን ጣሉ፤ አሮጊቷ ተነሳች።

ምሰሶው ሥር ዙር የሚቆጥረው ከመንትዮቹ አንዱ ነው። ጣቶቹ ግራ ተጋብተውበት አምስተኛውን ስድስት፣ ስድስተኛውን አምስት አደረገው። ካንዴላ ግን አልተሳሳተችም። ሰባት። ስምንት። ዘጠነኛው ላይ ሞተሩ ተነጫነጨ፣ ታፈነ፣ ሁለቴ ተንተፋተፈ። አሮጊቷ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሜዳው መሐል ቀጥ አለች።

«አሥራ አምስት ደቂቃ» አሉ ፈታኟ።

መንትዮቹ ኮፈኑን ከፈቱ። ሬዲዮ ክዳኑን ፈትታ ዱላ ነከረች፣ ቤንዚን አለ ብላ ጮኸች፣ ክዳኑን ዘጋች። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ካርቡሬተሩ ቆሻሻ ይዞ ነበር፣ በመዶሻ ስንነካው ለቀቀ፣ አለች ለፈታኟ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። ቆሻሻውን አሳዩኝ፣ አሉ ፈታኟ። ቆሻሻ የለም። አንደኛው መንትያ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ መፍቻ ዳር ቆመዋል፤ በሕጉ መናገር አይፈቀድላቸውም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሬዲዮ ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። እየሮጠች መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ታውቂያለሽ» አለች፣ ሽቦውን ይዛ። «ፊትሽ ያስታውቃል። ምን ሆና ነው?»

ካንዴላ በትከሻዋ አሻግራ መኪናዋን አየች።

«ባክሽ። እኔን ተይኝ። መንትዮቹ ምን አደረጉሽ?»

«እናቴ ምን አድርጋሽ ነበር?»

 ካንዴላ ይህችን ደቂቃ ስምንት ቀን ሙሉ ስታጣጥማት ነው የከረመችው። ዝም ብላ ብትቆም ይበቃል፤ መኪናዋ ትወድቃለች፣ ሬዲዮ ትወድቃለች፣ አንደኛው መንትያም እዚያ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ላስቲኩ ደግሞ ማንም ሳያየው ይጠፋል፤ ሬዲዮ ዛሬ ማታ ታወጣውና ውሃ በላው። አይሆንም፣ አለች ካንዴላ። የእሷ ነገር በዚህ ዓይነት ርካሽ አያልቅም።

«አየር አጥሯት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቤንዚን ሲወጣ አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ውስጥ የወተፍሽው ነገር ነው የዘጋው። አውጪውና ለፈታኟ አሳዪያቸው።»

 «ሌላ ነገር ብላቸውስ?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። «ያንን አውጥቼ ብደብቀው፣ ሌላ ምክንያት ብንፈጥር? ካንዱ፣ እለምንሻለሁ። እናቴ እዚያ ናት።»

«የእኔም እዚያ ነበረች» አለች ካንዴላ። «በእጅሽ ይዘሽ ነው የምታሳዪው። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ስድስት ደቂቃ ነው የቀረሽ።»

ሬዲዮ ተመለሰች። ክዳኑን ፈትታ ጣቷን ውስጡ ከታ ቆመች። ዘወር ብላም ወደ አጥሩ አየች። ካንዴላ ዓይኗን አንዴ ብትመልስላት፣ ወይ ፊቷን አዙራ ወደ ላይብረሪው ብትሄድላት፣ ላስቲኩ እጅጌዋ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ካንዴላ አልዞረችም፤ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሬዲዮ ላስቲኩን አወጣች። ወደ ፈታኟ አልሄደችም፤ ጋሽ መፍቻ ዘንድ ሄዳ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው። አሮጌው መምህር በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት፣ ኮከቦቹ ወጡ።

«ይሄ የደብተርሽ ልባስ አይደል እንዴ?» አለ አንደኛው መንትያ።

 አፏ ተዘግቶ የማያውቀው ልጅ አሁን አንድ በአንድ ቃል እየለቀመች ነው የምታወራው። ዋናውን ክዳን ጣሪያው ላይ ረስታው እንደነዳች፣ እንደጠፋባት፣ ፈልጋ ስታጣው በዚህ እንደተካችው ተናገረች። «የዚያን ቀን» አለች። «በምሳ ሰዓት። ብቻዬን ነበርኩ። ካንዴላ ምንም አላወቀችም።»

ከወላጆቹ መሐል የሬዲዮ እናት ተነስታ ቆመች። ያንን ላስቲክ በመቀስ የቆረጠችው እሷ ናት፤ ከሩቅ ለይታዋለች። አፏን በእጇ ያዘች። ካንዴላ እናቲቱ ላስቲኩን ትለየዋለች ብላ አስልታ አልነበረም። አየችው፣ እናም ለመጀመሪያ ጊዜ ከደስታዋ ላይ ትንሽ ጎደለ። ትንሽ ብቻ።

ጋሽ መፍቻ እስከ አጥሩ ድረስ መጡ። ላስቲኩንና ክዳኑን በአንድ እጅ ይዘዋል፤ መፍቻቸውን ግን የሆነ ቦታ ጥለውት ባዶ እጃቸው የት እንደሚሄድ ጠፍቶታል። ምን እንደሚሉ ሲያስቡ ካንዴላ ቀደመቻቸው።

«መኪናዋን ሁልጊዜ ይጠይቋታል፣ ቲቸር» አለች። «ከመክሰሳችሁ በፊት ጠይቁ ይላሉ። እኔን ግን አልጠየቁኝም።»

ሰውዬው ሽቦው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ ያን ቀን በተሰለፉበት መጠየቅ የነበረባቸውን ጠየቁ።

«መኪናዋን ያወጣሻት አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እናትሽ ዘንድ ነገ እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ መፍቻ። «ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ።» ከሬዲዮ የተቀበሉትን ቁልፍ በአጥሩ ቀዳዳ ዘረጉላት።

ካንዴላ ቁልፉን አየችው እንጂ አልተቀበለችውም። ይህን መልሷን ነገ ከእናቷ ጋር ሆና ትሰጣቸዋለች። «መጀመሪያ ክዳኑን ይስጡኝ» አለች። «ላስቲኩ ወጥቶም አይበቃም፤ ራሱም ድፍን ነው።»

ምስማሩን ከኪሷ አወጣች። ክዳኑን የአጥሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ምስማሩን በሌላ ድንጋይ ሁለቴ መታችው፣ ክዳኑን አንስታ በቀዳዳው ሰማዩን አየች፣ ለመንትዮቹ ወረወረችላቸው። ፈታኟ ሰዓታቸውን አዩ። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የቡድኑ ነጂ ትነሳ፣ አሉ።

ሬዲዮ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ቁልፉን ከጋሽ መፍቻ ተቀብላ መሪው ጀርባ ገባች። ማንም አላጨበጨበላትም። አሮጊቷ ተነሳች። አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መንትያው ምሰሶው ሥር ቆሞ በድንጋጤ ጣቶቹን እያደባለቀ ይቆጥራል፤ ሬዲዮ ባለፈች ቁጥር ግራ ተጋብታ ታየዋለች። ካንዴላ ከአጥሩ ወደ ምሰሶው መጥታ አጠገቡ ቆመች። እጆቿ ኪሷ ውስጥ ናቸው።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሞተሩ አልተነጫነጨም። ሬዲዮ እየቀረበች መጣች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ከመንትያው ጣቶች ወደ ካንዴላ፣ ከካንዴላ ወደ መንትያው ይንከራተታል። ስንተኛው ላይ እንዳለች አታውቅም። ካንዴላ ይቅር አላለቻትም፤ ነገም የምትላት አይመስላትም። መኪናዋ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ግን እጆቿን ከኪሷ አውጥታ ዘጠኝ ጣት ዘረጋች፤ እስከ አሥራ ሁለተኛውም ዙር መልሳ ኪሷ አልከተተቻቸውም።